ተሳቢውን ማን ነካው

በፍኖተ ሰላም ከተማ ነጭ ላንድ ክሩዘር ሲያልፍ ሰው መጀመሪያ ታርጋውን ያያል፣ ቀጥሎ ሾፌሩን። ታርጋው መኪናው የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይነግረዋል፤ የሾፌሩ ፊት ደግሞ አመጣጡ ለደግ ይሁን ለክፉ። የያምሮት መኪና ግን ለሁለቱም አትመችም። ታርጋዋ የግል ነው። መሪውን የያዘችው ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ መቀመጫው ላይ ትራስ ደርባ የተቀመጠች አጠር ያለች ሴት ናት። ከኋላዋ ደግሞ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ፣ ተሳቢው ላይ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ተጭኖ ይከተላታል። ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ያየ ሰው ምን ብሎ እንደሚፈርጀው ይቸግረውና መጠርጠሩ ይቀናዋል።

«የማን ናት ይቺ?» ይላል አንዱ፣ ገጠር መንደር ስትደርስ።

«የራሷ ናት አሉ።»

«የራሷ ከሆነች መኪናው ለምን ነጭ ሆነ?»

«እሱን እንግዲህ እሷን ጠይቃት።»

«እኔ አልጠይቅም። ጠይቄያት ስሜን ብትጽፈውስ?»

ያምሮት ይህን በመስኮት እየሰማች ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች። አትቀየማቸውም። ነጭ መኪና ስብሰባ ይዞ ይመጣል፣ መሬት ሊለካ ይመጣል። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ በሆነበት በዚህ ጊዜ ሰው የማያውቀውን መኪና ቢፈራ አይፈረድበትም። ማሽኑንም ቢሆን አያምኑትም። በቆሎው ሲፈለፈል ሴቶቹ ቆረቆንዳው ወደሚወድቅበት በኩል ይቀመጡና እያንዳንዱን እያገላበጡ፣ ፍሬ ቀርቶበት እንደሆን ይፈትሻሉ። ሥራው ሲያልቅ አንዷ አሮጊት ሁልጊዜ «ሆዱን ክፈችው እስቲ» ይላሉ። ያምሮትም ቁልፍ አምጥታ፣ ቡሎኑን ፈትታ፣ የማሽኑን ሆድ ከፍታ «ይዩት እማማ» ትላለች። አሮጊቷ አጎንብሰው ያዩታል፣ እጃቸውን ሰድደው ይዳብሱታል፣ አቧራ ብቻ ሲያገኙ «እንግዲያማ» ብለው ይሄዳሉ። ለማየት የፈለገን ሰው ከመቆጣት ማሳየት እንደሚሻል ያምሮት የተማረችው በዚህ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ግን ሌላው ሲጠረጥር ነው። ጠርጣሪዋ ራሷ በሆነች ጊዜ ምን እንዳደረገች ነው ወሬው።

መኪናዋ የተገዛችው ከጨረታ ነው። ባሏ ላቀው ለአንድ የመስኖ ፕሮጀክት ብዙ ዓመት በሾፌርነት ሠርቷል፤ ይህችኑ መኪና ከአዲስነቷ ጀምሮ የነዳት እሱ ነበር። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለጨረታ ወጣች። ሠራተኛ መጫረት አይችልም ስለተባለ በያምሮት ስም ተጫረቱ፤ ያላቸውን ሁሉ አራግፈው ገዟት፤ ሊብሬውም በስሟ ወጣ። ሰፈሩ «ናፍጣ ከመጠጣት በቀር ምን ትሠራላችኋለች» ብሎ ነበር። ያምሮት ግን አስባበታለች።

«ይቺ መኪና ጉልበቷ የበሬ ነው፤ በሬ ደግሞ ሰው አይጭንም፣ ይጎትታል» አለችው ባሏን።

ከኋላዋ የፕሮጀክቱን የውሃ ጋን ትጎትትበት የነበረ ክብ ብረት ነበራት፣ እንደ ትልቅ ሎሚ ያለ፣ ከመኪናው ቂጥ ሥር ወጣ ብሎ የተተከለ። ከገበያው ጀርባ ያለው በያጅ ከወደቀ የጭነት መኪና አክሰል አውጥቶ ተሳቢ ሠራላቸው። በተሳቢው ረጅም ክንድ ጫፍ ላይ ያንን ክብ ብረት ከላይ የሚያለብስ ቆብ የመሰለ ብረት አለ፤ ሲያለብሱት ከሥር ይነክሳል፣ ከዚያ ፒን ይገባበታል። መፈልፈያው መሀል ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ ታሰረ። ከፊቱ የናፍጣ ጀሪካኖችና የመፍቻ ሣጥን ተቀመጡ። ከኋላው ባዶ ቦታ ቀረ።

ሥራው ገና ሲሞቅ ላቀው ከመኪናዋ ጣሪያ፣ ከፖርቶመጋላው ላይ ሸራ ሲያስር ተንሸራቶ ወደቀ። ግራ እግሩ ከዳሌው ላይ ተሰበረ። ድኖ በከዘራ ቆመ፤ ግን እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ አለ። ያን ጊዜ ያምሮት ሁለተኛ ልጇን ጡት ታጠባ ነበር። ልጁን ለእናቷ ሰጥታ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው ሜዳ ከባሏ ጋር ወረደች። እሱ ከጎኗ ተቀምጦ በከዘራው እያመለከተ አስተማራት። ወደ ፊት መንዳቱ አላስቸገራትም። ያስለቀሳት ተሳቢውን ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ነበር።

«ግራ እንዲሄድልሽ ከፈለግሽ ቀኝ አዙሪ» ይላታል።

«እኔ ግራ ነው የምፈልግ፣ አንተ ቀኝ ትለኛለህ።»

«አንች አዙሪ፣ ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

አዞረች፤ ሄደላት። መንጃ ፈቃዷን ያወጣች ቀን ላቀው ቁልፉን በእጇ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን አጠፈላት። ምንም አላለም። ያምሮት ያንን ዝምታ «አደራ» ብሎ ከተናገረው በላይ ወሰደችው።

ከእሷ ጋር የሚሠራው የላቀው ታናሽ ወንድም ባንተአምላክ ነው። ማንኩሳ ሚስት አግብቶ የሚኖር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። መፈልፈያውን የሚያስነሣው፣ ተሳቢውን የሚያገናኘውና የሚፈታው እሱ ነው። ከሷ የሚበልጥ ደረጃ ያለው መንጃ ፈቃድ በኪሱ አለ፤ መኪና ግን የለውም። የወንድሙ ሚስት ናትና «እትየ» ይላታል፣ «እርስዎ» ይላታል። አንድ ቀን ቁጣ፣ አንድ ቀን ሳቅ ቢያሳያት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ «እሽ እትየ» ብቻ ነው። ያምሮት ይህን አክብሮት አትወደውም፤ ከበስተጀርባው የተቀመጠ ነገር ያለ ይመስላታል።

አምና በመኸር ከጅጋ በላይ ባለው የኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ሥራ ያዙ። የአጥቢያው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሊያድስ ተነሥቶ ነበር። በቆሎው የተፈለፈለለት ሁሉ ከእህሉ ላይ ለኪዳነ ምሕረት ይሰጣል። የደብሩ አስተማሪ መርጌታ ገብረሰንበት ያምሮትን «ልጄ፣ ወደ ከተማ ስትመለሽ እግረ መንገድሽን የእመቤታችንን እህል ጅጋ አድርሽልን» አሏት። ለበረከት ነውና እሽ አለች።

እህሉን የሚያስጭኑት መርጌታ ራሳቸው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን እህል ከሰው እህል ጋር አይደራረብም፣ ናፍጣ አይሸተውም፣ ሰው አይረግጠውም ብለው፣ ከተሳቢው ኋላ ባዶውን ቦታ አስጠረጉት። እርጥብ ሣር አስጎዘጎዙበት። ጆንያዎቹን ከጀሪካኖቹ በራቀው ጫፍ፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ በክብር አስቀመጡ። ገበሬው ጆንያ ሲያወጣ ጫማውን ያወልቅ ነበር።

በዚያ ቀን ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነው የጀመረው።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማች። ከኋላዋ፣ ከመጋጠሚያው በኩል፣ ብረት ብረትን ከሥር ወደ ላይ እንደሚያንኳኳ ያለ ቋ፣ ቋ። ቀጥሎ መሪው በእጇ ላይ ቀለለ። ከዚያ በስፖኪዮ ስታይ ተሳቢው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ጭራውን ይወረውራል። ፍሬን ስትይዝ ባሰበት። መኪናዋን ከኋላ ይዞ የሚያወዛውዛት ሰው ያለ መሰላት። እግሯን አንሥታ፣ ቀስ ብላ፣ በማርሽ ይዛ ቆመች። ወርዳ አየች። ቆቡ ክቡን ብረት ለብሷል፤ ፒኑም አለ።

«ምን ሆነ እትየ?» አለ ባንተአምላክ ከጎኗ ወርዶ።

«ይወዛወዛል።»

«መንገዱ ነው።»

ቶሎ መለሰ፤ ገና ሳያይ ነው የመለሰ። ያምሮት ይህን ልብ አለች። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ደግሞ መንገዱ ለስላሳ ሆኖ ተሳቢው ይብስ ተወዛወዘ። ዞር ብላ ባንተአምላክን አየችው። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ጅጋ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን እህል አራግፈው፣ ሲመሽ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ከጅጋ ወዲህ ተሳቢው ምንም አላለም። ያምሮት ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበርና ይህን ልብ አላለችውም።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ባንተአምላክ ከላቀው ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከበሩ ውጭ ሆና አንድ ቃል ሰማች፤ «ቁልፉን» የሚል። ስትገባ ሁለቱም ዝም አሉ።

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች፣ ነጠላዋን እያወረደች።

«ስለ ፍሬኑ ነው» አለ ላቀው።

ፍሬን የሚባለው ነገር ቁልፍ የለውም። ያምሮት ወደ ጓዳ ገባች። ሽንኩርት እየላጠች አሰላችው። ላቀው እግሩ አልዳነም። ባንተአምላክ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ደረጃው ከእኔ ይበልጣል። መኪናው የወንድሙ ነው ብሎ ነው የሚያምን፤ በእኔ ስም መሆኑ ይቆረቁረዋል። እኔ ደግሞ ሁለት ልጆች ያሉኝ ሴት ነኝ፤ አንድ ጊዜ ብደነግጥ፣ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ብወዛወዝ፣ «በቃኝ» ብዬ ቁልፉን እሰጣለሁ። ለዚህ ደግሞ ተሳቢውን የሚያገናኘው እሱ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ሲደረደር እውነት መሰላት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ጠዋት ባንተአምላክ ተሳቢውን አገናኝቶ ሲያበቃ፣ እሷ ቀስ ብላ ከነጠላዋ ጥለት የመዘዘችውን አረንጓዴ ክር በፒኑ ላይ አሰረች። ማንም ፒኑን ቢያወጣ ክሩ ይበጠሳል። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከመጋጠሚያው ላይ አልነቀለችም። ማታ መርጌታ የቤተ ክርስቲያኑን እህል አስጭነዋቸው ሲወርዱ ተሳቢው እንደገና ተወዛወዘ፤ ያው ቋ ቋም አለ። ወርዳ ክሩን አየች። እንዳሰረችው አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ልቡ ያርፍ ነበር። ያምሮት ግን «አየው ማለት ነው» አለች በልቧ። «ክሩን ፈትቶ መልሶ አሰረው።» ቋጠሮውን አገላብጣ አየች። የሷ ቋጠሮ ነው። ቢሆንም የሱም ቋጠሮ እንዲሁ ሊመስል ይችላል አለች።

ላቀውን ልትነግረው ፈልጋ ተወችው። ወንድሙ ነው። ብትነግረው እንኳ ለማን እንደሚያደላ አታውቅም። እንዲህ ሆና ሰነበተች። ከባንተአምላክ ጋር አብራ ትበላለች፣ ግን እጁን ታያለች። እሱም መታየቱ የገባው መሰለ፤ ይብስ ዝም አለ።

ነገሩ የፈነዳው እዚያው አጥቢያ፣ በአንድ ገበሬ አውድማ ላይ ነው። ያምሮት ከሴቶቹ ጋር ቤት ገብታ ምሳ በልታ ስትወጣ፣ ባንተአምላክ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ፣ እጁን ወደ መጋጠሚያው ሰድዶ አየችው። እግሯ እንዴት እንዳደረሳት አታውቅም።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«ግራሶ እቀባለሁ። ስለሚጮህ ነው እትየ።»

«ማን ቅባ አለህ?»

ቀና ብሎ አያት። በጣቱ ላይ ግራሶ አለ፤ ከጎኑም የግራሶው ቆርቆሮ ተቀምጧል። ያምሮት አየችው፤ ማየቷ ግን አላቆማትም።

«ቁልፉን የምትፈልግ ከሆነ በአፍህ ጠይቀኝ» አለችው፣ አውድማው ሁሉ እየሰማ። «ልጆቼን ያለ እናት አስቀርተህ አይደለም የምትወስደው። እኔ ስወዛወዝ አንተ በመስኮት ሰማይ ታያለህ። ምን እየፈታህ ነው?»

ማሽኑ ብቻ ባዶውን ይጮሃል። ባንተአምላክ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አንድ በአንድ፣ ጣቶቹን ሁሉ። የግራሶውን ቆርቆሮ ጎማው ላይ አስቀመጠ።

«እሽ እትየ» አለ።

ከዚያ ኮቱን ከአጥሩ ላይ አንሥቶ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ በእግሩ ሄደ። ዞር ብሎ አላየም።

ባለ አውድማው የተጨነቀው ለራሱ ጉዳይ ነበር። «እንዴ፣ የቤታችሁን ጣጣ እቤታችሁ አትጨርሱም? የኔን በቆሎ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ?»

«ይፈለፈልልዎታል» አለች ያምሮት። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች፤ ማሽኑ ጋ ራሷ ቆመች። እስከ ማታ አንድም ሰው አላናገራትም። የዚያ መንደር አሮጊት እንኳ ሆዱን ክፈችው አላሏትም።

ማታ ተሳቢውን ራሷ አገናኘችው። ቆቡን በሁለት እጇ ተጭና አለበሰችው፤ ከሥር ሲነክስ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ሰማች፤ ፒኑን ከትታ በመዶሻ መታችው። አሁን እንግዲህ የነካው ሰው እሷ ብቻ ናት። መርጌታ ገብረሰንበት እንደ ልማዳቸው የቤተ ክርስቲያኑን እህል በሣሩ ላይ አስጭነው፣ የዚያን ቀን እህሉም በዛ ስላለ አብረዋት ሊወርዱ ከጎኗ ተቀመጡ።

«ያ ልጅ ሄደ?» አሉ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ።

«ሄደ መርጌታ።»

«ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ ጥፋተኛ ነው ወይ በጣም የተጎዳ ነው። የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ከኋላው ተከትሎት የሄደ ነው፤ እኛ ተቀምጠናል።»

ያምሮት ነገር እንዳላቸው ገብቷታል። ቁልቁለቱ መጣ።

ቋ።

መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ተሳቢው ተነሣ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ወደ ግራ ወረወራት፤ መለሰች፤ ወደ ቀኝ ወረወራት። ከፊቷ ጭድ የጫኑ አህዮች ይመጣሉ፣ ከኋላቸው አንዲት ሴት ከነልጇ። መርጌታ «እመቤቴ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚያነጋግሯት ሁሉ። ያምሮት ፍሬኑን ተወችው። ማርሹን ወደ አንድ አወረደችው፤ መኪናዋ አጉረመረመች፤ መሪውን ቀጥ አድርጋ ይዛ ከማሽላው ማሳ ዳር ካለው አፈር ጋር አሻሸቻት። ቆመች። አህዮቹ በአጠገቧ አለፉ። ሴትዮዋ የልጇን ራስ ወደ ቀሚሷ አስጠግታ፣ እያየቻት አለፈች።

ያምሮት ወረደች። ፒኑ አለ። ቆቡ አለ። ማንም አልነካውም፤ ከሷ በቀር።

«ልፈታው ነው» አለች ለራሷ። «ፈትቼ ውስጡን አየዋለሁ።» ከተሳቢው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጋ፣ ፒኑን መትታ አወጣች፤ ከሥር የሚነክሰውን መያዣ ስታላቅቀው፣ የተሳቢው ክንድ ከእጇ አምልጦ ወደ ላይ ተነሣ። እንደ ሰው እጅ ብድግ አለ። አገጯን ለጥቂት ሳታት። የተሳቢው ጭራ ደግሞ መሬቱን ጓ አደረገው፤ ከላይ የነበሩት ጆንያዎች ተንሸራተው ሣሩ ላይ ተጋደሙ። ያምሮት ክንዱ ወደ ሰማይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ቆማ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው።

መርጌታ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«አህያ መርጌታ፣ ጭነቱ ከወገቧ ተንሸራቶ ኋላዋ ላይ ሲያርፍ ምን ትሆናለች?»

«ፊቷ ይነሣል። ቁልቁለት ላይ ታወላግዳለች።» ይህን ብለው ወደ ክንዱ፣ ከዚያ ወደ ጆንያዎቹ አዩ። ነገሩ ገባቸው። መኪናዋን ከላይ ተጭኖ ሊይዛት የሚገባው ክንድ፣ ኋላው በከበደው ጭነት ከሥር ወደ ላይ ይገፋት ነበር። መጋጠሚያውን ያንኳኳው ያ ነው፤ የሚያወዛውዛትም ያው ነው። ባዶውን ሲሄዱ ደኅና፣ የቤተ ክርስቲያኑን እህል ሲጭኑ የሚብስባቸው፣ ጅጋ ሲያራግፉ የሚያርፍላቸው ለዚህ ነው።

«እኛ ነን እንግዲህ» አሉ መርጌታ። «እናክብር ብለን።»

«እኔ ነኝ» አለች ያምሮት። «እርስዎ በክብር ያስቀመጡት እህል ነው። እኔ ግን ጥፋቱን በሰው ላይ ነው የጫንሁት።»

እህሉን ወደ ፊት ማምጣት ነበረባት፤ ከጎማዎቹ ትንሽ ወደ ክንዱ አለፍ አድርጎ። እዚያ ግን የናፍጣው ጀሪካኖች አሉ። መርጌታ ቅር አላቸው፤ ጺማቸውን ያዙ። ያምሮት ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ ፖርቶመጋላው ላይ ልታስር እንደምትችል፣ ቦታውን በውሃ እንደምታጥበው፣ ሣሩንም አዲስ እንደምትጎዘጉዘው ነገረቻቸው። ቆይተው ፈገግ አሉ።

«ኋላ ማስቀመጥ ክብር ነው ያልሁት እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ አላለም። ታቦት ሲወጣ ከፊቱ መስቀልና ጥላ ይሄዳል፣ ከኋላው ሕዝቡ። ታቦቱ መካከል ነው። እህሉም መካከል ይሁን።»

መንገድ ላይ ያገኟቸው ገበሬዎች ወርደው አገዙ፤ ጫማቸውንም አወለቁ። እህሉ ወደ ፊት ሲመጣ ክንዱ ራሱ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከክቡ ብረት ላይ ሲያርፍ የመኪናዋ ኋላ ትንሽ ጎንበስ አለ። ቀሪውን ቁልቁለት ሲወርዱ ተሳቢው ድምፅ እንኳ አላሰማም። እንዲህ ጸጥ ብሎ የመጣበትን መንገድ ያምሮት እንደ ቅጣት ነው የወረደችው።

በማግሥቱ ተሳቢውን ግቢ ትታ ማንኩሳ ሄደች። ባንተአምላክ ከቤቱ ኋላ ባለው የሸንኮራ አገዳ ማሳው ውስጥ ነበር፤ በገጀራ ይቆርጣል። አያት፤ መቁረጡን አላቆመም። ሚስቱ «ይግቡ» አለቻት፤ ያምሮት ግን ማሳው ዳር ቆማ ያየችውን ሁሉ ነገረችው፤ ክሩን ሳይቀር።

«ክር አሰሩ?» አለ።

«አሰርሁ።»

«ምን ዓይነት ክር?»

«አረንጓዴ።»

«አላየሁትም» አለ፤ አንዱን አገዳ ቆርጦ ወደ ጎን ጣለ። «ባየው እንኳ የልጆቹ ይመስለኝ ነበር።»

ሊታረቁ የሚችሉበት ጊዜ እዚያ ላይ ነበር፤ ያምሮት ግን አንድ ነገር ሳትጠይቅ መታረቅ አልቻለችም።

«ባንተአምላክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቁልፉን ከላቀው ጠይቀሃል?»

ገጀራውን መሬት ላይ ተከለው። «ጠይቄያለሁ። ሁለት ጊዜ።»

«ምን አለህ?»

«‹የሷ ነው› አለኝ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርኸኝም?»

«እርስዎ ይሰጡኝ ነበር?»

«አልሰጥህም ነበር።»

«ታዲያ» አለ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሽ እትየ» ያልሆነ ነገር ተናገረ። «መንዳት እፈልጋለሁ። ከርስዎ እሻላለሁ ብዬ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ይዤ ተሳቢ ሳገናኝ መኖር ሰለቸኝ። ግን ሰው ልገድል አይደለም የፈለግሁ።»

ያምሮት ጥርጣሬዋ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ውሸት ሆኖ ሲገኝ የትኛውን ይዛ እንደምትሄድ አላወቀችም። «ከሰኞ ጀምሮ እዚያው አውድማ ላይ ሥራ አለብን» አለችው። «መጥተህ እንነጋገር አልልህም። የሰደብሁህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም እዚያው እላለሁ።»

አለችም። ባለ አውድማው ሳይቀር እየሰማ አለች። ባንተአምላክ ራሱን ነቀነቀ፤ መፈልፈያውን አስነሣ። አሮጊቷም ማታ መጥተው «በሉ ሆዱን ክፈቱት» አሏቸው።

መኸሩ እስኪያልቅ አብረው ሠሩ። እንደ ድሮው ግን አልሆኑም፤ ቢሆንም ከድሮው ሻል ያለ ነገር ነበር። አሁን ባንተአምላክ ያልተስማማውን «አልስማማም» ይላታል፤ አንዳንዴም ይከራከራሉ። ያምሮት ከክርክሩ በኋላ ቀለል ይላታል።

ጥር ላይ ቡሬ ያለች ወይዘሮ በለጠች የምትባል የእህል ነጋዴ ለአይሱዙዋ ሾፌር ትፈልግ ነበር። ባንተአምላክ ሄዶ ነዳ፤ ወደደችው። ግን ዋስ አምጣ አለችው፤ ንብረት ያለው ዋስ። ላቀው በስሙ ያለው ከዘራው ብቻ ነው። ንብረት ያላት ያምሮት ናት። ባንተአምላክ ሊጠይቃት አልመጣም። የነገራት ላቀው ነው፤ ማታ እራት ላይ፣ ሳያያት።

«ራሱ ለምን አልጠየቀኝም?»

«ይፈራል» አለ ላቀው። «ወይ ያፍራል። አንች ስታይው ምን እንደምታስቢ እሱም አያውቅ።»

እሷም አታውቅም ነበር። ሌሊቱን አስባበት አደረች ለማለት አይቻልም፤ ደክሟት ተኛች። ጠዋት ግን ሊብሬውን በቦርሳዋ ይዛ ከላቀው ጋር ቡሬ ወረደች።

ወይዘሮ በለጠች መጋዘኗ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ወፍራም፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ሊብሬውን አገላብጣ አየች፤ ውጭ የቆመችውን ላንድ ክሩዘርም ቀና ብላ አየች።

«ሰውየው ከእህሌ ጋር ቢጠፋ ይቺን መኪና ነው የምይዝ። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ታምኚዋለሽ?»

ባንተአምላክ ከአይሱዙው አጠገብ ቆሞ ጎማ ያይ ነበር፤ ጆሮው ግን እዚህ ነው። ያምሮት አየችው። «አምነዋለሁ» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን እውነቱ እንደዚያ አልነበረም።

«አንድ ጊዜ ጠርጥሬው ነበር» አለች። «በሰው ፊት። ያላደረገውን ነው የጠረጠርሁት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ እውነቱን ቢነግረኝ የሚጎዳው ነበር። ነገረኝ።»

«እሱ ይበቃል?»

«ለእኔ ይበቃል። ለእርስዎ የሚበቃዎትን እርስዎ ያውቃሉ።»

ወይዘሮ በለጠች ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ስክሪብቶ አቀበለቻት። «ጥርጣሬ የማያውቅ ሰው ዋስ ሆኖልኝ ያውቃል» አለች። «ሾፌሩም ጠፋ፣ ዋሱም ጠፋ።» ያምሮት ፈረመች።

ሲመለሱ ከቡሬ ወጣ እንዳሉ ጡሩምባ ሰማች። አይሱዙው ነው፤ ሙሉ ጭኖ በአጠገባቸው አለፈ። ባንተአምላክ በመስኮት እጁን አወጣ።

«ወንድምህ ይሮጣል» አለች ያምሮት።

«ዋሱ አንች ነሽ፤ ንገሪው» አለ ላቀው።

ያን ቀን ተሳቢ አልነበራትም፤ መኪናዋ እንደ ወፍ ቀላል ነበረች። ማርሽ ጨምራ ተከተለችው። እስከ ማንኩሳ ድረስ ከኋላው ሆና አየችው፤ ኩርባው ላይ ስንት ይዞ እንደሚገባ፣ ከብት ሲያይ እግሩን ከየት እንደሚያነሣ፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ይሁን በፍሬን እንደሚይዝ። የምትነግረው ጥፋት አላገኘችበትም። ላቀው ከጎኗ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ማንኩሳን ካለፉ በኋላ ቀጥ ያለውን መንገድ ጠበቀች፤ ፍሬቻ አሳየች፤ አለፈችው።